ታክሲ፣ ቁፋሮ ወይስ ልዕልት? ቤት ውስጥ ለሚደረግ የልጆች ድግስ የቱ ይሻላል

ልጄ ስድስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ሳምንት ሲቀራት "ልደቴ ታክሲ ይሁንልኝ" አለች። ታክሲ ይገዛልኝ አላለችም። ልደቱ ራሱ ታክሲ ይሁን ነው የምትለው። ሳቅሁ። ከዚያ ቤታችንን ዞር ብዬ አየሁት። ግንፍሌ አካባቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ናት። የሳሎኑን ግማሽ ሶፋው ይዞታል። የተጠሩት ልጆች 12 ናቸው። ሰማያዊና ነጯ ሚኒባስም የምትጭነው 12 ሰው ነው፤ በሕጉ ማለቴ ነው። እንግዲያው ይሁን አልኩ።

ከዚያ ወዲህ "ለልጄ ምን ባደርግ ይሻላል?" የሚሉኝ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች ስለበዙ ነው ይህን የምጽፈው። በዚህችው ቤት አራት ዓይነት የልጆች ድግስ ሞክሬያለሁ። አንዱን ዲኮር ቀጥሬ፣ ሁለቱን ከልጆቹ ጋር በካርቶንና በሊጥ፣ አንዱን በእንቁጣጣሽ ሰሞን። ዋጋ በብር አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ ወር ሳይሞላው ያሳፍረኛል። የማወዳድረው ስንት ምሽት እንደሚፈጅ፣ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝና ልጆቹ ምን ያህል ጊዜ እንደሚጫወቱበት ነው። ለእኔ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ፎቶ ላይ የሚያምረውና ልጅ የሚጫወትበት ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም።

ተገዝታ የመጣችው ልዕልት

ልጄ አራት ዓመት ሲሞላት ዲኮር የሚሠሩ ሰዎች ቀጠርኩ። ሐምራዊ መጋረጃ፣ የፊኛ ቅስት፣ ስሟ የታተመበት ባነር፣ በቀለም የተስማማ ሳህንና ኩባያ። ልጆቹን የጠራሁት ለ8 ሰዓት ነበር። ዲኮረኞቹ የደረሱት 7 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እንግዶቹ ጫማቸውን ሲያወልቁ ፊኛው ገና ይነፋ ነበር። ሲያልቅ ግን አማረ፣ አልዋሽም። ፎቶው ዛሬም ግድግዳችን ላይ ተሰቅሏል።

ጨዋታውስ? ልጆቹ አሥር ደቂቃ ያህል አዩት። ከዚያ የቅስቱን ፊኛ ማፈንዳት ጀመሩ። "አትንኩ" ስል ዋልኩ። ልደቱ የልጅ፣ ድግሱ የአዋቂ ሆነና አረፈው።

ቢሆንም ይህን ምርጫ አላጣጥለውም። የአንድ ዓመት ልደት ከሆነ ይሄው ነው የሚሻለው። የአንድ ዓመት ሕፃን መቀስ አይዝም፣ ታክሲ ሠርታችሁ ብታሳዩትም ግድ የለውም። የሚቀረው ፎቶው ነው። እስከ ማታ ሥራ የምትውል እናትም ሦስት ምሽት ካርቶን ስትቆርጥ ከሚነጋባት ትግዛ። ራሳችሁ ገዝታችሁ ራሳችሁ መስቀልም ትችላላችሁ። መርካቶ ከወረዳችሁ ብዙው የልደት ዕቃ በደርዘን ይሸጣል። ለ12 ልጅ ልክ ነው፣ ለአምስት ልጅ ግን ትርፉ ቁም ሳጥን ውስጥ ይከርማል። ሦስት አራት ፍሬ ብቻ ከፈለጋችሁ በየሰፈራችሁ ያሉ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ይሻላሉ። የአንዱ ዋጋ ይወደዳል፣ የታክሲው ሒሳብና የግማሽ ቀኑ ግፊያ ግን ይቀርላችኋል።

ፊኛን በተመለከተ አንድ ነገር። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭና ያልተነፋ ፊኛ ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ የመታነቅ አደጋ አላቸው። ቡዋ ሲል ሁሉም ይስቃል፣ ቁራጩን የሚያነሳው ሰው ግን የለም። አንድ አዋቂ ለዚሁ ይመደብ።

ታክሲው

አሁን ወደ ወደድኩት ልምጣ።

ለታክሲው የገዛነው ጥቂት ነው። አንድ የፍሪጅ ካርቶን ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ለምነን አመጣን። ከታች ካለው ሱቅ ሦስት የፓስታ ካርቶን ጨመርን። ሙሉ መኪና ለመሥራት አትሞክሩ። ሳሎኑ አይችለውም። ፊቷንና በር ያለበትን አንድ ጎኗን ብቻ ነው የሠራነው። የቀረውን ልጆቹ በልባቸው ይሞሉታል። ወንበሩ ዱካና ትራስ ነው፣ በየረድፉ ሦስት ሦስት፣ አራት ረድፍ። የፊት መብራቱ የተቆረጠ የሃይላንድ ቂጥ ነው። መሪው የድስት ክዳን። ታርጋው ላይ የልደቷን ቀን ጻፍን። ካርቶን መቁረጥ የአዋቂ ሥራ ነው፤ ስድስት ዓመት ልጅ የወፍራም ካርቶን ቢላ አይያዝ። መለጠፍ፣ መቀባትና ማዘዝ የእሷ ነበር። በተለይ ማዘዝ።

ጥፋቱ ቀለሙ ላይ ነው። ወሩ ሰኔ ነበር። ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ በውሃ ቀለም ቀባናት። ማታ ደርቃ አደረች። ጠዋት በጣቴ ስነካት ጣቴ ሰማያዊ ሆነ። ይደርቃል ብዬ ተውኩት። 8 ሰዓት ላይ የመጀመሪያዋ እንግዳ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ በእናቷ እጅ ተይዛ ገባች። ምን እንደተፈጠረ መገመት ትችላላችሁ። ቀሚሱን ለማጠብ ተሟግቼ ወሰድኩ፣ እናትየዋ "ኧረ ምንም አይደል" ብትልም ዓይኗ ሌላ ነበር የሚለው። ስለዚህ ካርቶን በውሃ ቀለም አትቀቡ። የግድ መቀባት ካለባችሁ ቀለሙ ላይ ነጭ ኮላ ጨምሩበት፣ ሲደርቅ እጅ አይዝም። ከዚያ የሚሻለው ግን ሰማያዊ የደብተር መለበጃ ወረቀት መለጠፍ ነው። መድረቂያ አይጠብቅም፣ ዝናብም አያገኘውም።

ጨዋታው እንዲህ ሄደ። ልጆቹ ሲገቡ ከወረቀት የተቆረጠ ብር አምስት አምስት ተሰጣቸው። ልጄ ወያላ ሆና በር ላይ ቆመች። "ፒያሳ፣ ፒያሳ፣ ሁለት ሰው የቀረው!" ገብተው ሲቀመጡ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ተባለ። "ከኋላ ሒሳብ!" ተባለ። መልስ ተቆራረጠ። አንዱ ልጅ መልሱን ሲያጣ ያነሳው ጭቅጭቅ ከእውነተኛው ታክሲ የተቀዳ ነበር፤ ከማን እንደሰማው አባቱ አቀርቅሮ ነገረን። ከሰዓት ሙሉ ቃል ያልተነፈሰ አንድ ዓይን አፋር ልጅ ነበር፣ የመጨረሻው ረድፍ ጥግ ይዞ። ድንገት ቤቱን በሚሞላ ድምፅ "ወራጅ አለ!" አለ። ሁሉም ዞረው አዩት። ከዚያ በኋላ ዝም ያሰኘው የለም።

የእጅ ሥራው ያለው ፌርማታዎቹ ላይ ነው። ለገሀር ስንደርስ ሁሉም ይወርዳል፤ እዚያ ያለውን አንበሳ እያሰብን ከወረቀት ሳህን የአንበሳ ጭምብል እንሠራለን። ጎፈሬው የተቆራረጠ ቡናማ ክር ነው። አራት ኪሎ ስንደርስ የታክሲ ጥቅስ እንጽፋለን። ታክሲ ውስጥ የሚለጠፈውን ጥቅስ ልጆች ከምናስበው በላይ ያነቡታል። መጻፍ የማይችል ይናገራል፣ አዋቂ ይጽፍለታል። "ለሾፌር ከረሜላ መስጠት ይፈቀዳል" የሚለው እስካሁን ማቀዝቀዣችን ላይ ተለጥፏል። ፒያሳ ኬክ ነው። ሌላ ምን ይሆናል?

ችግሩ አንድ ነው፦ ሁሉም ወያላ መሆን ይፈልጋል። ሾፌርነትን ማንም አልጓጓለትም። በየፌርማታው ወያላ ቀይሩ። ማዘዝ የሚወድ ልጅ ካለ ተራ አስከባሪ አድርጉት፣ ብዕርና ወረቀት ስጡት፣ ይጠመዳል። ትራፊክ ፖሊስም ይጨመር ካላችሁ እሺ፣ ግን ፊሽካ እንዳትሰጡ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ናችሁ።

በጠቅላላው ሦስት ምሽት ፈጀ። ሁለት ሰዓት ተኩል ተጫወቱበት። ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ላሉ ልጆች ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

የድንቅነሽ ቁፋሮ

ይህ ለወንዱ ልጄ የስምንት ዓመት ልደት የተደረገ ነው። ከአራት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም የእግር መንገድ ነው፣ አምስት ኪሎ ላይ። ከልደቱ አንድ ሳምንት ቀድመን ሄድን። ድንቅነሽ በ1974 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አፋር ውስጥ፣ ሐዳር ላይ ተገኘች። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከአፅሟ የተገኘው 40 በመቶ ያህሉ ነው። ልጄን የገረመው ግን ዕድሜዋ አልነበረም፣ ቁመቷ ነው። አንድ ሜትር ከትንሽ ናት። "ከእኔ ታንሳለች!" አለ። "ሰላም" ስለተባለችው፣ ዲኪካ ላይ ስለተገኘችው የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ስነግረው ደግሞ ታናሽ እህቱን ገልመጥ አድርጎ አየ።

ለሕዝብ የሚታየው ብዙ ጊዜ ቅጂ እንደሆነ ስነግረው ተከፋ። ማታ ከሊጥ አጥንት ስንሠራ ግን ያቺው ነገር ጠቀመችን። "እኛም የምንሠራው ቅጂ ነው" አለ፣ ሥራው ከሙዚየሙ ጋር እኩል የሆነ ያህል።

ሊጡ ቀላል ነው። ሁለት ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ አንድ ኩባያ ውሃ። ውሃውን በአንዴ አትገልብጡ፤ ጥቂት በጥቂት፣ እጅ መያዝ እስኪተው አሹት። አጥንቶቹን ከጣት አታወፍሩ፣ መሃላቸው ሳይደርቅ ይቀራል። ወሩ ጥር ስለነበር በረንዳ ላይ በፀሐይ ሦስት ቀን በቃቸው። በክረምት ሳምንትም አይበቃም፣ ሊሻግቱም ይችላሉ። እኔ አንዳንዱን እንጀራ ተጋግሮ ሲያበቃ በምጣዱ ትርፍ ሙቀት፣ ፎይል አንጥፌ አድርቄያለሁ። ጨው የበዛበት ሊጥ ስለሆነ ትንንሽ ልጆች እንዳይበሉት፣ ውሻ ካላችሁም እንዳያገኘው።

ሌሎቹ አማራጮች ጭቃና የሱቅ ፕላስቲሲን ናቸው። ጭቃ እንደ ልጅነታችን ግቢ ላለው ሰው የሚወዳደረው የለም። ነፃ ነው፣ ልጅም ይወደዋል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግን ማን ይሸከመዋል? ፕላስቲሲን ቀለሙ ያምራል፣ እጅ ያፍታታል፣ ግን ስለማይደርቅ ለቁፋሮ አይሆንም። ምንጣፍ ውስጥ ከገባ ደግሞ አብሯችሁ ይኖራል።

አጥንቶቹን የቀበርነው በሁለት የልብስ ሳፋ፣ ከዕንጨት ቤት በመጣ ሰጋቱራ ውስጥ ነው። ላዩ ላይ ገመድ ወጥረን በአራት ከፈልነው፣ እውነተኛ ቆፋሪዎች እንደሚያደርጉት። ብሩሽ፣ ማንኪያ፣ ያገኙትን የሚስሉበት ወረቀት። ልጆቹ ሁለት ቡድን ሆኑ። አጥንቶቹን ጥቁር ጨርቅ ላይ ሲገጣጥሙ ክርክሩ ጭን የቱ ነው፣ ክንድ የቱ ነው ሆነ። ሁለት አጥንት ተሰበረ። ማንም አልከፋውም፣ የተሰበረው የበለጠ እውነት ይመስላል ተባለ።

ሰጋቱራው ግን እስከ ፋሲካ ከሶፋው ሥር ወጥቶ አላለቀም። አስም ያለበት ልጅ ካለ ጨርሶ አታስቡት፣ በታጠበ አሸዋ ለውጡት። ዕድሜያቸው ከሰባት በታች የሆኑትም ትዕግሥት የላቸውም። ሳፋውን በሁለት እጃቸው ገልብጠው "ጨረስን" ይላሉ።

እንቁጣጣሽ፣ ልደት የማይጠይቀው

ልደት መሆን አለበት ያለው ማነው? ጳጉሜ አምስት ቀን ናት፣ በየአራት ዓመቱ ስድስት። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ዝናቡ አላቆመም፣ ልጆቹ ቤት ውስጥ ግድግዳ ይቧጥጣሉ። የሕንፃችንን ልጆች ሰብስቤ የአዲስ ዓመት ስዕል አሳልኳቸው። መስከረም 1 ጠዋት ደጅ ለደጅ ዞረው ሰጡት፤ ሴቶቹም አበባየሆሽ ብለው ዞሩ። ጭብጡ አለ፣ ዘፈኑ አለ፣ እንግዳው አለ። እናንተ የምታቀርቡት ወረቀትና ቀለም ብቻ ነው። ከአራቱ በጣም ርካሹ ይህ ነው።

ለአደይ አበባው ቢጫ እርድ በሙቅ ውሃ በጥብጠን ተጠቀምን። ከሱቅ ማርከር ይልቅ የሞቀ ቢጫ ይሰጣል። ፀሐይ ላይ ከቆየ ይገረጣል፣ ልብስ ከነካ ደግሞ አይለቅም፤ ያረጀ ቲሸርት አልብሷቸው። ልጄ እጇ ቢጫ ሆኖ ልትታጠብ ሄደችና ጮኸች። ሳሙናው ሲነካው ቢጫው ወደ ቀይ ተለወጠ። ደም መስሏት ነበር። እርድ ሳሙናን የመሰለ ነገር ሲነካው ይቀላል። ያን ቀን ስዕሉ ተረስቶ ሁሉም እጁን እርድ ቀብቶ መታጠቢያ ቤት ተሰለፈ። ሳሙናችን አለቀ።

ታዲያ የቱን?

ልጁ ገና ሁለት ዓመት ካልሞላው ግዙ፣ ፎቶ አንሱ፣ እረፉ። ከአምስት እስከ ስምንት ከሆነና ሳሎናችሁ ጠባብ ከሆነ ታክሲው። ከስምንት በላይ ሆኖ ጥያቄ የሚያበዛ ልጅ ካላችሁ ቁፋሮው፣ እሱም በበጋ። ምሽት የሚባል ነገር ከሌላችሁ፣ ገንዘቡም ከጠበበ፣ ጳጉሜን ጠብቁ። ሦስትና አራት ዓመት አስቸጋሪ ዕድሜ ነው። እንደ ትልቅ አይሠሩም፣ እንደ ሕፃን አይተኙም። ለእነሱ አንድ የእጅ ሥራ ብቻ፣ ለምሳሌ ጭምብሉን፣ የቀረውን ሰዓት ለዕቃ ዕቃ ጨዋታ ብትተዉ ይበቃል።

የትኛውንም ብትመርጡ ማጣበቂያ ያስፈልጋችኋል። ኮላ ለትንሽ ሥራ ጥሩ ነው። ለካርቶን ግን ቶሎ ያልቃል። የዱቄት ሙጫ ሥሩ፦ አንድ ብርጭቆ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፣ በሚፈላ ሦስት ብርጭቆ ውሃ ላይ እያማሰላችሁ ጨምሩ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። እንደ ገንፎ ሳይሆን እንደ አጥሚት መሆን አለበት። ወረቀት ላይ ብረት ነው። ጉድለቱ በረሮ መውደዱ ነው፣ ስለዚህ የተሠራውን ዕቃ ለዓመት አታስቀምጡ።

ኬኩን ግዙ። ራሳችሁ ካልጋገራችሁ ሰላም ከሌላችሁ ግን ከኢንተርኔት ያገኛችሁትን አሠራር እንዳለ አትውሰዱት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ኬክ ፈጥኖ ይነፋና መሃሉ ይሰምጣል። ቤኪንግ ፓውደሩን ቀነስ፣ ውሃውን ጨመር አድርጉ። ቀኑ ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾም ላይ ከዋለ የጾም ኬክ እዘዙ፤ አንዲት ልጅ ሁሉም ሲበላ እጇን አጣጥፋ ስትቀመጥ ማየት ያማል። ለቡናው የምትቆሉት ፈንድሻ ደግሞ ከ4 ዓመት በታች ላሉት አይሆንም፣ ሊያንቃቸው ይችላል። ከእነሱ ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

ከታች ያሉትን ጎረቤት ቀድማችሁ አናግሩ። እኔ ለታክሲው ቀን ከታች ላሉት እማማ አንድ ቀን ቀድሜ ወርጄ ነገርኳቸው። "ቡና አለ፣ ይውጡ" አልኳቸው። መጡ። ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። ልጄ ሒሳብ ስትጠይቃቸው መቀነታቸውን ፈተው እውነተኛ ብር አወጡ፣ እሷም ሳታፍር ተቀብላ "መልስ የለኝም" አለቻቸው።

ታክሲዋ አሁን ከሶፋው ጀርባ ቆማለች። አንዱ መብራቷ ወድቋል፣ ጎኗ በፕላስተር ተጠግኗል። ልጣላት ባልኩ ቁጥር ከጓዳ "ወራጅ አለ!" የሚል ድምፅ ይሰማል።